ሌሊት የሚመታ፣ ጠዋት የሚታይ!

መቼም ዋሽንግተን ዲሲ ሲባል የአዲስ አበባ ወጣት ጆሮው ይቆማል። አክስት ያለው አለ፣ ወንድም ያለው አለ፣ ምንም ዘመድ ሳይኖረው ዲቪ ሞልቶ ዕድሉን የጠበቀም አለ። ከዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት የተነሳውን ፎቶ ያሳያችኋል፤ ዩ ስትሪት አካባቢ የበላውን ክትፎ ከአዲስ አበባው ጋር ያወዳድርላችኋል፤ በቤት ኪራይ ውድነት ያማርራል፤ በቃ አለቀ። ዛሬ እኔ የማወራችሁ ማንም ስለማያወራለት አንድ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉበት፣ ነዋሪዎቹም በክረምት ሌሊት ሞተራቸውን እያሰቡ እንቅልፍ የሚያጡበት ሰፈር!

"ኧረ የጀልባ ሞተር ለእኛ ምናችን ነው?" የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፤ ነገሩ እናንተም ቤት ይመጣል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከዩ ስትሪት ጣቢያ አረንጓዴውን የምድር ባቡር መስመር ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ስድስተኛው ፌርማታ ዋተርፍሮንት ይባላል። ከዚያ ወጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ በእግር ስትሄዱ ከተማው ድንገት ያልቅና ውሃ ይጀምራል። ይህ ውሃ ዋሽንግተን ቻናል ነው። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፖቶማክ ወንዝ የሚለየው ረዥም ምላስ የመሰለ መሬት ነው። መሬቱ ራሱ የተፈጥሮ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከወንዙ ሆድ እየተዛቀ በወጣ ደለል የተሞላ ነው።

በአንደኛው ጫፍ ከ1805 ጀምሮ የኖረው የዓሣ ገበያ አለ። ዓሣውንና ሸርጣኑን የሚሸጡት ውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ሆነው ነው። ከገበያው ትንሽ አለፍ ብሎ ያ ጃፓን በ1912 በላከቻቸው የቼሪ ዛፎች የታወቀው ሰው ሰራሽ ኩሬ ይገኛል። ሰው ሁሉ ኩሬውን ለአበባው ብሎ ያየዋል፤ የተሰራው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የወንዙ ውሃ ሲሞላ በአንዱ በር ይገባል፤ ሲጎድል ደግሞ በሌላው በር ወደ ቻናሉ እየወጣ ደለሉን ያጥባል። ማለትም ይህ ውሃ ሲያዩት የተኛ ይምሰል እንጂ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ይላል። ጀልባዎቹም አብረውት ከፍ ዝቅ ይላሉ።

አካባቢው በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ታድሶ ሆቴሉ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ተደርድሮበታል። ቅዳሜ ማታ ወጣቱ ይጎርፍበታል። ከዚህ ሁሉ ድምቀት ፊት ለፊት፣ በተቆለፈ የብረት በር ማዶ፣ ጀልባ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ለአስርት ዓመታት እዚያው የኖሩ አሉባቸው። ሁሉም ሚሊየነር እንዳይመስላችሁ!

ውሃ ላይ ያለ ሸዌ

ህዳር 2017 ዓ.ም. ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ዘመዶቼ ከአንድ ወገናችን ጋር አስተዋወቁኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውም "እንዳትጽፍ!" ብለውኛል። "አገር ቤት ያሉት ጀልባ ላይ ይኖራል ሲባሉ ሀብታም የሆንኩ ይመስላቸውና መድረሻ ያሳጡኛል" አሉኝ እየሳቁ። እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋሼ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሰራሉ። ከትዳራቸው ሲለያዩ ቤቱ ለልጆቹ ቀረ፤ እሳቸው አፓርታማ ቢጠይቁ ኪራዩ ከደመወዛቸው ጋር አልስማማ አለ። በዚህ መሃል ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ አሮጌ ጀልባቸውን በርካሽ ሲሸጡ ጋሼ ገዙ። ለማቆሚያው በየወሩ ይከፍላሉ፤ ያም ሆኖ ከአፓርታማ ይሻላል። ዋና አይችሉም። "ደብረ ብርሃን የት ዋኝቼ ልልመድ?" ይላሉ።

ጀልባቸው ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ አንድ የናፍጣ ሞተር አለ። ወለሉን እንደ ክዳን ከፍ ሲያደርጉት ሞተሩ እንደታመመ በሬ ተጋድሞ ይታያል። "የዚህ ቤት ልብ ይሄ ነው" አሉኝ። "ልብ ሲቆም ደግሞ ቤቱ ይሰምጣል።"

እኔ የመሰለኝ ሞተር ቢበላሽ ጀልባው አይሄድም፣ በቃ፤ የቆመ ጀልባ ነው፣ ምን ይሆናል? የሚል ነበር። ጋሼ ግን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሌላ ትምህርት አስተማሩኝ።

የእኛ ክረምት፣ የእነሱ ክረምት

የእኛ ክረምት ሰኔ ላይ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል፤ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉንፋን ነው። የእነሱ ክረምት የሚጀምረው ታህሳስ አካባቢ ሲሆን ጉዳዩ ዝናብ ሳይሆን ብርድ ነው። የዋሽንግተን ብርድ ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። እንደ ሰሜን አሜሪካ ጫፍ ግዛቶች ወጥ ሆኖ አይቀዘቅዝም። በጃንዋሪ አማካይ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንድ ሳምንት ጃኬት የማያስፈልግ ፀሐይ ይወጣና በሚቀጥለው ሳምንት አጥንት የሚሰብር ውርጭ ይመጣል። በ1899 ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ደርሶ ያውቃል።

"ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው" ይላሉ ጋሼ። "ሁሌ የሚቀዘቅዝበት አገር ያለ ሰው ይፈራል፣ ይዘጋጃል። እዚህ ግን 'ዘንድሮ ብርዱ ቀላል ነው' ይልና ይዘናጋል። ውርጭ ደግሞ አንድ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው።"

ብዙ ጀልበኛ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጀልባውን በክሬን አስወጥቶ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ጋሼ ግን ቤታቸው ስለሆነ አያወጡትም። የሚገርመው ነገር፣ ውሃ ላይ መቅረቱ በአንድ በኩል ይጠቅማል። ወንዝ በረዶ ሆኖ እስካልረጋ ድረስ ከዜሮ ዲግሪ በታች አይወርድም። አየሩ ከዜሮ በታች 10 ሲሆን የጀልባውን ሆድ የነካው ውሃ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ያ ቀዝቃዛ የምንለው ወንዝ ለጀልባው እንደ ብርድ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። መሬት ላይ የወጣ ጀልባ በሁሉም በኩል ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል።

በሌላ በኩል ግን መሬት ላይ ያለ ጀልባ አንድ ነገሩ ቢሰነጠቅ ይሰነጠቃል እንጂ አይሰምጥም። ውሃ ላይ ያለው ይሰምጣል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጠላት ውስጥ ነው

የአዲስ አበባ ታክሲ ተሳፍራችሁ ሹፌሩ ዳገት ላይ ቆሞ ከጀሪካን ራዲያተር ውስጥ ውሃ ሲጨምር አይታችኋል አይደል? መኪና ውሃውን ሞተሩ ውስጥ እያዞረ ከሙቀቱ ይገላገላል፤ ውሃውን ደግሞ ራዲያተሩ በነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ጀልባ ሆድ ውስጥ ነፋስ የለም። ወንዝ ግን ሞልቷል! ስለዚህ ፓምፕ ከወንዙ ውሃ ይስባል፤ ውሃው የሞተሩን ሙቀት ተቀብሎ ከጭሱ ጋር በኋላ በኩል ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

አንዳንዱ ሞተር የወንዙን ውሃ በቀጥታ በብሎኩ ውስጥ ያዞራል። የጋሼ ሞተር ግን ሁለት ውሃ አለው። አንደኛው እንደ መኪና ውስጥ ለውስጥ ብቻ የሚዞረው ሲሆን ግማሽ በግማሽ ከአንቲፍሪዝ ጋር ተቀላቅሏል፤ ይህ እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። ሁለተኛው የወንዙ ውሃ ነው። ሁለቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ያልፉና ሙቀት ይቀባበላሉ። "ሰው አንቲፍሪዝ አለኝ ብሎ የሚኩራራው በመጀመሪያው ነው" አሉ ጋሼ። "ጀልባን የሚጥለው ሁለተኛው ነው።"

ሞተሩ ሲጠፋ የወንዙ ውሃ ሁሉ ተመልሶ አይወጣም። ማጥለያው ውስጥ ትንሽ ይቀራል፣ ፓምፑ ውስጥ ትንሽ፣ ማርሚታው ውስጥ ብዙ፣ ቱቦው እጥፋት ላይ ጥቂት። ውሃ ሲረጋ ደግሞ በዘጠኝ ከመቶ ገደማ ያብጣል፤ 100 ሊትር ውሃ በረዶ ሲሆን 109 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ፍሪዘር ውስጥ ቢራ ረስቶ ጠርሙሱ ፈንድቶ ያገኘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የብረት ብሎክም ከጠርሙስ አይሻልም፤ ብረት ያን ያህል አይለጠጥማ! ውጭ ያለው ሰፊ ወንዝ ጀልባውን ሳይነካው፣ ውስጥ የቀረች አንድ ሊትር ውሃ ወፍራም ብረት ትሰነጥቃለች።

ቅዳሜውን እንዴት ዋልን?

ጋሼ ሥራውን የሚጀምሩት ገና ሳይበርድ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ነው። "ሳይደርቅ በእርጥቡ" የሚባለው ለዚህም ይሆናል። እኔ እንደ ረዳት ባልዲ ይዤ ቆምኩ።

መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው አሞቁት። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ የከረመ ዘይት ውስጥ አሲድና እርጥበት ስላለ ክረምቱን ሙሉ ብረቱን እየበላ መቆየት የለበትም፣ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ሲሞቅ ብቻ ነው። የወንዝ ውሃ በቀጥታ ብሎኩ ውስጥ የሚያዞር ሞተር ሳይሞቅ አንቲፍሪዝ ቢሰጡት ገብቶ ሳይዳረስ ይወጣል።

ከዚያ የውስጠኛውን ውሃ ጠብታ በመለኪያ አዩ። በጋውን ሙሉ ውሃ እየጨመሩበት ከሆነ አንቲፍሪዙ ይሳሳል፤ ዓይን ደግሞ ይህን አይለይም፣ ቀለሙ ያው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተው ከጀልባው ሆድ ላይ ውሃ የሚገባበትን ባልቦላ ዘጉ። ይህ ባልቦላ እንደ ቧንቧ ቁልፍ የሚዞር፣ በእሳቸውና በወንዙ መካከል ያለ ብቸኛ በር ነው። ቱቦውን ከባልቦላው ነቅለው ጫፉን ሮዝ ቀለም ያለው አንቲፍሪዝ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ከተቱ። መኪና ውስጥ የሚገባው አረንጓዴው መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰውና ይሞታል። ወንዝ ውስጥ የሚፈሰው ስለዚህ ሮዙ ነው፤ እሱ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው።

"ሂድ ወደ ኋላ፤ ሮዝ ሲተፋ ጩህ!" አሉኝ። ሞተሩ ተነሳ። እኔ ከኋላ ተጎንብሼ የጭስ ማውጫውን አያለሁ። መጀመሪያ የወንዝ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ በመጨረሻ ደማቅ ሮዝ። "መጣ!" አልኩ። ትንሽ ቆይተው አጠፉት። ባልዲው ባዶ እስኪሆን አይጠብቁም፤ ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ ያለ ውሃ ከዞረ በአጭር ጊዜ ተቃጥሎ ይበጣጠሳል። በአጠቃላይ ሃያ ሊትር ያህል ጠጣ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሮዙ አንቲፍሪዝ ጋሎን ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል። ከዜሮ በታች 50 ፋራናይት የሚለው በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 46 ይሆናል። ሰው ይህን አይቶ "እስከዚያ አይረጋም" ይላል። ቁጥሩ ግን ቧንቧ የማይፈነዳበት ልክ እንጂ የማይረጋበት ልክ አይደለም፤ ፈሳሹ ከዚያ በጣም ቀድሞ እንደ ገንፎ መወፈር ይጀምራል። ውስጥ ከቀረ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጋሼ ለሞተሩ ከዜሮ በታች 100 ፋራናይት የተጻፈበትን ይገዛሉ። ዋጋው ይከብዳል፤ ከአዲስ ሞተር ግን አይከብድም።

የወንዝ ውሃ በቀጥታ ብሎኩ ውስጥ የሚያዞር ሞተር ያለው ጎረቤታቸው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ብሎኩ ግራና ቀኝ ላይ የማፍሰሻ ቡሎን አለ፤ ይፈታል። ቡሎኑ ተፈቶ ውሃ ካልወጣ ባዶ ነው ማለት አይደለም! ዝገትና ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሰውየው ቀጭን ሽቦ ሲሰድበት አንድ ጆግ የሚሞላ ጥቁር ውሃ ተንዶለዶለ። ሽቦውን ባይሰድ ያ ጆግ ክረምቱን እዚያው ሊያድር ነበር።

ጋሼ ከዚያ የባህር ወንፊት የሚሉትን ማጥለያ ከፍተው አጸዱ፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ አፈሰሱ። የጀልባውን ወለል ሥር አደረቁ፤ እዚያ የተጠራቀመ ውሃ ከረጋ የማውጫው ፓምፕ ይጣበቃል። ባትሪዎቹን ሞሉ፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ሊረጋ ይችላል፣ ሙሉው ግን ዋሽንግተን በማታውቀው ብርድ እንኳ አይረጋም። ቱቦውን መለሱ፣ ባልቦላውን ግን እንደተዘጋ ተዉት። በመጨረሻ ትንሽ ካርቶን ቀደው በአማርኛና በእንግሊዝኛ "ባልቦላው ተዘግቷል፣ ሞተር አታስነሳ" ብለው ጽፈው የሞተሩ ቁልፍ ላይ አንጠለጠሉ።

"ከእርስዎ ሌላ ማን ያስነሳዋል?" አልኳቸው።

"መጋቢት ላይ እኔ ራሴ ሌላ ሰው ነኝ" አሉ።

ኤሌክትሪክ ያለው ሁሉ አልተረፈም

ሁሉም እንዲህ አይደክምም። አንዳንዱ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ ይሰካና ይሄዳል። ጋሼ የሁለት ጀልባ ያህል ራቅ ብሎ ያለ ባዶ ቦታ አሳዩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ የነበረው ጀልባ ባለቤት ለሥራ ሌላ ግዛት ሄዶ ነበር። ማሞቂያውን ሰክቷል፤ ባልቦላውን ግን አልዘጋም። የክረምት ማዕበል መጣና መብራት ጠፋ። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ብርዱ በሚበረታበት ሌሊት ነው! ሁለት ሌሊት ረጋ። የማጥለያው ፕላስቲክ ተሰነጠቀ።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ምንም አልታየም። በረዶው ራሱ ስንጥቁን እንደ ቡሽ ወትፎት ነበር። ጀልባው ደህና ቆሟል፤ ጎረቤቶቹ በጎኑ እያለፉ ቡናቸውን ይጠጣሉ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ፣ ሰው ደስ አለው። በረዶው ቀለጠ፤ ወንዙም በተከፈተው ባልቦላ፣ በተሰነጠቀው ማጥለያ በኩል ገባ። በማግስቱ ጠዋት ከውሃው በላይ የሚታየው የጀልባው ጣሪያ ብቻ ነበር።

"ይሄን ሳይ ባቄላችን ትዝ አለኝ" አሉ ጋሼ። "በኛ አገር ውርጭ ባቄላ የሚመታው ሌሊት ነው። ጎህ ሲቀድ ብታየው ነጭ ሆኖ ያምራል። መሞቱን የምታውቀው ፀሐይ ሞቅ ሲያደርገው፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ሲወድቅ ነው። አባቴ ፀሐይ እስክትወጣ ማሳውን አያይም ነበር፤ አይቶም እስከዚያ አይናገርም።"

ከዚያው ቻናል ብዙም ሳይርቅ፣ በፖቶማክ ላይ ያለውን የ14ኛ መንገድ ድልድይ አሳዩኝ። በጃንዋሪ 13 ቀን 1982 የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን በበረዶ ውስጥ ተነስቶ ድልድዩን መትቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ ድልድዩ ላይ ከነበሩት 4 ሰዎች ጋር 78 ሰው ሞተ። ምርመራው ካገኛቸው ስህተቶች አንዱ አብራሪዎቹ የሞተሩን ፀረ በረዶ ማብሪያ አለማብራታቸው ነው። አንዲት ማብሪያ! ጋሼ ይህን ያወሩኝ ሊያስፈራሩኝ አይደለም። "ብርድ ትልቅ ስህተት አይፈልግም" ለማለት ነው።

"ሲቀልጥ ጠይቀኝ"

እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። በጃንዋሪ 2025 ዋሽንግተን ውስጥ ብርዱ እንዲህ ጠንክሮ የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ እንኳ ከደጅ ወደ ካፒቶል አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ እንዲህ የሆነው ከ1985 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዜናውን ስሰማ ሐሳቤ የሄደው ፕሬዚዳንቱ ጋ ሳይሆን ጋሼ ጋ ነው። ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሞተሩስ?"

"እኔ ደህና ነኝ። ሞተሩን ሲቀልጥ ጠይቀኝ" አሉና ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ይጠይቁኝ ጀመር። አላስቻለኝም፤ "አሁን እንዴት ይመስልዎታል?" አልኩ። "ልጄ፣ ማሳ ጎህ ሲቀድ አይታይም" አሉኝ።

የካቲት አለፈ። መጋቢት ላይ ራሳቸው ደወሉ። ካርቶኑን አንስተዋል፣ ባልቦላውን ከፍተዋል፣ ቱቦውን ሁሉ በእጃቸው ዳብሰው ጠብታ ፈልገዋል። ከዚያ ነው ያስነሱት። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ዱክ ዱክ ሲል አሰሙኝ። ከኋላ መጀመሪያ የወጣው ሮዝ ነበር አሉ። እኔ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሰው ፊት ብቻዬን ሳቅሁ።

ለእናንተ የሚሆን ምክር

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። ጀልባ የለንም፣ እውነት ነው። ጣናም ሆነ ሐዋሳ ላይ የሚሰሩ ጀልበኞቻችንን ውርጭ ሞተር ሰንጥቆባቸው አያውቅም። ግን፦

አንደኛ፣ መኪና የምትነዱ። በህዳርና በታህሳስ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ወይም ሌላ ከፍታ ቦታ መኪና ስታሳድሩ የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ራዲያተራችሁ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ጋሼን አስታውሱ። አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይቀላቀላል፤ ከነጻ ውሃ የሚሻለው ለብርዱ ብቻ ሳይሆን ለዝገቱም ነው። ስትጨምሩ ደግሞ ውሃ ብቻ እየጨመራችሁ አታሳሱት።

ሁለተኛ፣ ይህ ከሞተር ይበልጣል። ብርድ ሲጠና ጀልባ ውስጥ ከሰል ወይም ጋዝ አቀጣጥሎ መተኛት ያጓጓል። ጋሼ ይህን ከማድረግ ውርጩ ይሻላል ይላሉ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ይህ የዋሽንግተን ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ከተፈላበት ምድጃ ጋር በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ዜና ስንቴ ሰምተናል? ለኪራይ አንድ ክፍል የተዳበላችሁ ወጣቶች በተለይ ስሙ፤ ፍሙን አውጡት። ደጅ ይደር!

ሦስተኛ፣ ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ። ዘመዶቻችሁ "ወፍራም ካፖርት ይዛችሁ ኑ" ይሏችኋል። ጥሩ ነው፤ ግን ብርዱ የሚጎዳችሁ ካፖርት በለበሰው ገላችሁ በኩል ላይሆን ይችላል። የተከራያችሁት ቤት የውሃ ቧንቧ፣ የገዛችሁት አሮጌ መኪና፣ ሳይሞላ የቆየ ባትሪ፣ ይሄ ሁሉ ጉዳቱን የሚደብቅ ነገር ነው። ብርዱ ሲመጣ ሳይሆን ፀሐይ ሳለ እዩት። ዜናው "ነገ ውርጭ ነው" ካለ በኋላ አንቲፍሪዝ ፍለጋ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ደግሞም አንድ ቀን ከዩ ስትሪት ክትፎ በኋላ አረንጓዴውን መስመር ይዛችሁ ውረዱ። ከዓሣ ገበያው ጀምራችሁ በውሃው ዳር በእግራችሁ ሂዱ። ለሕዝብ ክፍት የሆኑት የእንጨት መሄጃዎች ላይ ቆማችሁ ጀልባዎቹን እዩ። አንዳንዶቹ ያብረቀርቃሉ፣ አንዳንዶቹ አርጅተዋል፤ ከውጭ አይቶ የትኛው ክረምቱን እንደሚሻገር መናገር አይቻልም። የሞተሩ ቁልፍ ላይ ካርቶን የተንጠለጠለበት ካያችሁ ግን ባለቤቱ ሌሊቱን ተኝቶ የሚያድር ሰው ነው።